ለልብ ጤና የትኛው እንቅስቃሴ ይሻላል? ለሐዋሳ ነዋሪ የተዘጋጀ ንጽጽር

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ የተገኘ ሰው አማራጩ ምን ያህል ብዙ እንደሆነ በዓይኑ ያያል። አንዱ ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሮ ሶምሶማ ይሮጣል፤ ሁለት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው እያወጉ ፈጠን ብለው ይራመዳሉ፤ ወጣቶች ተሰልፈው ቁጭ ብድግ ይሠራሉ፤ ባለ ብስክሌቱ በመካከላቸው ሾልኮ ያልፋል። ከሐኪም ፊት «ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ እንቅስቃሴ ያድርጉ» ተብሎ የወጣ ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ የትኛውን እንደሚይዝ በቅጡ የሚነግረው አያገኝም። ጂም የሚያዘወትረው ወዳጁ ጂም ግባ ይለዋል፣ ኳስ ተጫዋቹ ወደ ሜዳ ይጠራዋል፣ የብስክሌት ነጋዴውም የራሱን ያወድሳል።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት የደም ግፊቴ 148 ከ94 ሆኖ ሲገኝ የሠራሁት ስሕተት ከሁሉም የከበደውን መምረጥ ነበር፤ በየማለዳው 5 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ ብዬ ተነሣሁና በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቴን ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ስፖርቱን ከመምረጥ በፊት መመዘኛውን ማስቀመጥ እንደሚያስፈልግ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ እንቅስቃሴው ልብን ምን ያህል፣ ለምን ያህልስ ደቂቃ ሳያቋርጥ ያሠራል የሚለው ነው። ትልልቆቹ የእግርና የዳሌ ጡንቻዎች ለተከታታይ ደቂቃዎች ኦክስጅን ሲጠይቁ ልብ ሥራው ይበዛበታል፤ ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም በአንድ ምት የሚረጨው የደም መጠን እያደገ ይመጣል፤ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ የሚመታበት ቁጥርም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ደም በፍጥነት ሲፈስስ የደም ቅዳዎች የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ እሱም የሥሮቹን ግድግዳ ዘና እያደረገ ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል። ጡንቻው ስኳርን ከደም የመውሰድ አቅሙም ይሻሻላል። የደም ግፊት ያለበት ሰው አዘውትሮ ልብ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ሲያደርግ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሊወርድለት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴን ይመክራል፤ በዚህም ላይ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይጨምርበታል። ቀድሞ የነበረው «አንዱ ዙር ከ10 ደቂቃ ማነስ የለበትም» የሚለው ገደብ በዚህ መመሪያ ውስጥ የለም፤ ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። መካከለኛ የሚባለው ድካም እያወሩ መቀጠል የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ነው። ጠንከር ያለው ደግሞ ጥቂት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ ለመሰብሰብ የሚያስገድድ ነው። ቁጥር የሚወድ ሰው ከ220 ላይ ዕድሜውን ይቀንስ። የሚገኘው ልብ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛው ቁጥር ነው። የ50 ዓመት ሰው 170 ያገኛል፤ ከዚህ ከ50 እስከ 70 በመቶ፣ ማለትም በደቂቃ ከ85 እስከ 119 ምት፣ መካከለኛው ክልል ሲሆን ከዚያ በላይ እስከ 145 ገደማ ጠንከር ያለው ነው። ስሌቱ ግምት መሆኑ አይዘንጋ። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው በዚህ ቁጥር ከሚመራ ይልቅ በንግግሩ ፈተና ቢመራ ይሻለዋል።

ሁለተኛው መመዘኛ እንቅስቃሴው ላልለመደ አካል የሚያመጣው ድንገተኛ ጫናና በመገጣጠሚያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሦስተኛው ወጪው ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ወጪ ብቻ ሳይሆን በየወሩ የሚመላለሰው ጭምር።

አራተኛው፣ በእኔ ሚዛን ከሁሉም የሚከብደው፣ ከስድስት ወር በኋላም ይቀጥላል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደርጎ የልባቸውና የሳንባቸው አቅም ተለካ፤ እጅግ ወርዶ ተገኘ። እነዚያው ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲለኩ፣ ሦስቱ የአልጋ ሳምንታት ያደረሱት ጉዳት 30 ዓመት የዕድሜ መግፋት ካደረሰው የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በ50 ዓመታቸው ለ6 ወር ቀስ በቀስ እየጨመሩ ሲሠለጥኑ ደግሞ ዕድሜ የወሰደባቸውን አቅም መልሰው አገኙ። እንግዲህ አቅም ቶሎ ይሄዳል፣ ሲሠሩበትም ይመለሳል፤ ለሁለት ወር ብቻ የሚሠራ ከባድ ስፖርት ሚዛን የማይደፋውም ለዚህ ነው።

ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ

ብዙ ሰው የሚንቀው ይህን ነው። የሚንቀውም በአብዛኛው ወክ ማድረግን ከእግር ጉዞ ጋር ስለሚያምታታው ነው። አመሻሽ ላይ ጥብስ በቆሎ ይዞ በሐይቁ ዳር መንሸራሸር ለመንፈስ ደስ ይላል፤ የልብን ምት ግን ብዙም ከፍ አያደርገውም። ለልብ የሚቆጠረው በደቂቃ 100 እርምጃና ከዚያ በላይ የሚሄዱት ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራመድ ሰው ሰውነቱ በዕረፍት ጊዜ ከሚያወጣው ኃይል ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ያወጣል፤ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ሲጠጋ አምስት እጥፍ ይደርሳል።

ሐዋሳ ሜዳማ መሆኗ እዚህ ላይ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጉልበት የሚያመው ሰው ያለ ሥጋት ይራመዳል፤ ዳገት ስለሌለ ግን ድካሙን የሚያመጣው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሜዳው የቀለለው ሰው ወደ ታቦር ተራራ ይዙር፤ እዚያ ላይ ዳገቱ ራሱ እርምጃውን ወደ ጠንካራው ክልል ይወስደዋል። በዳገት ላይ መናገር ካቃተዎት ፍጥነትዎን ይቀንሱ እንጂ አይቁሙ።

ደረጃም የእግር ጉዞ ወገን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄረሚ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት ሾፌሮች፣ ቲኬት ለመቁረጥ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ባልደረቦቻቸው ይልቅ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አሳይተው ነበር። የእኛ ከተማ የባጃጅ ሾፌር ከለንደኑ ሾፌር ጋር አንድ ዓይነት አኗኗር አለው፤ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራ ሰው ግን የቲኬት ቆራጩን ዕድል በነፃ አግኝቷል ማለት ነው።

ጉድለቱ ጊዜ መፈለጉ ነው፤ በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ያስተጓጉላል። ምሽት ላይ በውኃው ዳር የሚራመድ ሰውም የወባ ትንኝን አስቦ እጅጌና ቁምጣውን ያስረዝም።

ብስክሌት

ሐዋሳ ብስክሌት በብዛት ከሚታይባቸው የአገራችን ከተሞች አንዷ ናት፤ የመንገዱ ሜዳነት የተሰጠው ለብስክሌት ይመስላል። ዝግ ብሎ የሚነዳ ሰው ከዕረፍቱ አራት እጥፍ ያህል ኃይል ሲያወጣ በሰዓት ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ወደ ሰባት እጥፍ ይጠጋል። የሰውነት ክብደት በኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አይመታም፤ ወፍራም ለሆነ ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከሩጫ ይልቅ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በአራተኛው መመዘኛ ብስክሌትን ከሁሉም አስቀድመዋለሁ። ምክንያቱም ለስፖርት የተለየ ሰዓት አይጠይቅም፤ ወደ ሥራ መሄጃና መመለሻው ራሱ ስፖርት ይሆናል። 15 ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት 5 ቀን ቢነዳ 150 ደቂቃው ይሞላል። የባጃጁም ሒሳብ ኪስ ውስጥ ይቀራል፤ በዚህ ምክንያት የመግዣው ዋጋ ከፍ ቢልም ወራት ሲቆጠሩ ራሱን ይመልሳል። ከመግዛት በፊት በሰዓት ተከራይቶ መሞከር ብልህነት ነው።

ሲገዙ ጌጡን ትተው ሦስት ነገር ይመልከቱ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ በጥቂቱ ብቻ የሚታጠፍበት ቁመት ላይ ኮርቻው ይስተካከላል ወይ? ሁለቱም ፍሬኖች ይይዛሉ ወይ? ጎማውና ሰንሰለቱ ሲበላሽ መለዋወጫው እዚሁ ከተማ ይገኛል ወይ? ቀሚስ ለሚለብሱ እናቶችና እህቶች የመሐል ብረቱ ዝቅ ያለው ዓይነት ይመቻል። ዋናው አደጋ ያለው ከልብ ሳይሆን ከመንገዱ ነው፤ ባጃጅ ድንገት ተሳፋሪ ለማንሣት ሲታጠፍ የሚጎዳው ባለ ብስክሌቱ ነው። ሄልሜትና የማታ መብራት የዋጋው አካል ተደርገው ይታሰቡ።

ሶምሶማ ሩጫ

የጊዜ ቁጠባን ያስቀደመ ሰው ሩጫን ቢመርጥ አይፈረድበትም። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር መሮጥ ከዕረፍት ስምንት እጥፍ ያህል ኃይል ስለሚጠይቅ የሳምንቱ ግዴታ በግማሽ ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመና ከ55 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ቀስ ብለው የሚሮጡት እንኳ ከማይሮጡት ይልቅ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ አግኝቷቸዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ የመጣ ሯጭ ይቀለዋል፤ ከቆላ የመጣው ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ።

የሩጫ ጉድለት የእኔው ታሪክ ነው። ልብ ከጅማትና ከመገጣጠሚያ ቀድሞ ስለሚጠነክር ሰው «አሁንማ ችያለሁ» ሲል ጉልበቱ ገና አልደረሰም። አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ እየተራመዱ መጀመር፣ ከሳምንት ሳምንትም የሩጫውን ድርሻ ማሳደግ ያዋጣል። ጫማው ከሳልባጅ ቢገዛም ችግር የለውም፤ ሶሉ ግን ያልተበላና ተረከዙ ላይ ያልተጣመመ መሆን አለበት።

የእሑድ ኳስ

በዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ብዬ እጽፋለሁ። ኳስ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ የዴንማርክ ተመራማሪዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል በትንሽ ሜዳ ኳስ የተጫወቱ የደም ግፊት ሕሙማን ግፊታቸው እንደቀነሰ አሳይተዋል። የሳምንቱን ደቂቃ በአንድና በሁለት ቀን የሚያጠቃልሉ ሰዎችም ጥቅም እንደሚያገኙ የታወቀ ነው። የማልስማማው ስድስት ቀን ወንበር ላይ ውሎ፣ ሳያሟሙቅ፣ በ45 ዓመቱ ከ20 ዓመት ልጅ ጋር ኳስ ላይ የሚሽቀዳደመው ሰው ላይ ነው። ያልለመደ ልብ ላይ የሚመጣ ድንገተኛ ከባድ ጫና በዚያች ሰዓት የልብ ድንገተኛ አደጋን ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ አዘውትሮ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ይኸው አደጋ በጣም ያንሳል። ግጥሚያው ፉክክር ስላለበት ደክሞኛል ብሎ መውጣትም ያሳፍራል። ከበርጫ ተነሥቶ ወደ ሜዳ መሄድ ደግሞ ጨርሶ አይመከርም፤ ጫት በራሱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋልና።

ስለዚህ ኳስ የሚወድ ሰው ኳሱን አይተው፤ በሳምንቱ መካከል ሁለት ቀን የእግር ጉዞ ወይም ብስክሌት ይጨምርበት፣ ከጨዋታ በፊትም 10 ደቂቃ ያሟሙቅ።

ጂምና የክብደት ሥራ

ጂም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ክፍያ ይሸጣል። አንደኛው የመሮጫ ማሽንና የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ነው፤ ይህ በክረምት ከዝናብ ያድናል፣ ከዚያ በተረፈ ግን ከውጭው ሩጫና ብስክሌት የተለየ ጥቅም ለልብ አይሰጥም። መብራት ሲጠፋ የመሮጫው ማሽን ከነተጠቃሚው ይቆማል፤ ከመመዝገብዎ በፊት ጄኔሬተር እንዳላቸው፣ እርስዎ በሚመጡበት ሰዓት ማሽኑ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው፣ የአንድ ቀን ሙከራ እንደሚፈቅዱም ይጠይቁ። የሦስት ወር ክፍያ በቅናሽ የሚሰጡ ቤቶች ቅናሹ የሚያተርፈው ለሚመጣ ሰው ብቻ እንደሆነ አይነግሩዎትም።

ሁለተኛው የክብደት ሥራ ነው። ይህ ለደም ስኳርና ለጡንቻ ጠቃሚ ነው፣ ግፊትንም በመጠኑ ይቀንሳል፤ የልብን የመርጨት አቅም በማሳደግ በኩል ግን የእግር ጉዞንና ብስክሌትን አይተካም። ከባድ ብረት ትንፋሽን ይዞ ሲነሣ ግፊት ለቅጽበት እጅግ ይተኮሳል፤ ግፊት ያለበት ሰው ቀለል ያለውን ብረት ደጋግሞ፣ ሲያነሣ ትንፋሹን እያወጣ መሥራት ይገባዋል። በቤት ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ የሚሠራ፣ 5 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን እንደ 5 ኪሎ ብረት የሚያነሣ ሰው የመመሪያውን ሁለት ቀን ያለ ክፍያ ያሟላል።

ዋናና ገመድ

ዋና ለመገጣጠሚያ ከሁሉም የሚቀል ነው፤ ቦታው ግን በየቀኑ ለመክፈል የሚከብድ ክፍያ የሚጠይቅ የሆቴል ገንዳ ነው። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት በቢልሃርዝያና በጉማሬ ምክንያት ከአማራጭ አይቆጠርም። ገመድ መዝለል ጥቂት ደቂቃ ብቻ ለሚተርፈው ጤነኛ ወጣት ይበቃል፤ ለጉልበት ሕመምተኛ አይሆንም።

| አማራጭ | የልብ ሥራ | ጉዳትና ድንገተኛ ጫና | ወጪ | የመቀጠል ዕድል |
|---|---|---|---|---|
| ፈጣን የእግር ጉዞ | መካከለኛ | በጣም ዝቅተኛ | ጫማ ብቻ | ከፍተኛ |
| ብስክሌት | ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ | ዝቅተኛ፣ የመንገድ አደጋ አለ | መግዣው ከፍ ያለ፣ ወርኃዊው ትንሽ | ለሥራ ከዋለ በጣም ከፍተኛ |
| ሶምሶማ | ጠንካራ | ለጉልበት መካከለኛ | ደኅና ጫማ | መካከለኛ |
| የሳምንት ኳስ | ጠንካራ፣ የሚቆራረጥ | ላልለመደ ከፍተኛ | ትንሽ | በጓደኞች ይወሰናል |
| ጂም | እንደ ማሽኑ | በአሠልጣኝ ዝቅተኛ | በየወሩ | ብዙ ሰው ያቋርጣል |
| ክብደት በቤት | ዝቅተኛ፣ ማሟያ | ትንፋሽ ከተያዘ ከፍ ይላል | የለም | መካከለኛ |
| ዋና | ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ | በጣም ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |

ለማን ምን?

ዕድሜዎ ከ55 በላይ ከሆነና ግፊት ወይም የጉልበት ሕመም ካለብዎ በእግር ጉዞ ይጀምሩ፤ አቅም ሲኖርዎ ብስክሌት ይጨምሩ። ቢሮ ውለው ጊዜ የሚያጥርዎ ከሆነ ገንዘብዎን ከጂም መዝገብ ይልቅ በብስክሌት ላይ ያውሉት። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት መኪና ላይ በፈረቃ የምትሠራ ወጣት ከፈረቃው በኋላ ጠንካራ ሩጫ ከምትጀምር፣ ከሰርቪሱ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወርዳ በፍጥነት ብትራመድና በቤቷ ሁለት ቀን ቁጭ ብድግ ብትሠራ ትቀጥልበታለች። ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ነጋዴ መድከሙ እውነት ነው፤ መቆም ግን የልብን ምት በበቂ ስለማያነሣ ከ150 ደቂቃው አይቆጠርለትም። ጤነኛና ከ40 ዓመት በታች የሆነ ሰው ደግሞ የሚወደውን ይምረጥ፤ ለእሱ ውዴታው ከሠንጠረዡ ይበልጣል።

በፆም ወራት ውኃ የማይቀምስ ጾመኛ ከባዱን ትቶ ቀለል ያለ ጉዞ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ተጠግቶ ያድርግ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ሰዓቱንና መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር በባዶ ሆዱ አይንቀሳቀስ።

ሐኪም መቅደም ያለበት መቼ ነው?

በዕረፍት ላይ የተለካ ግፊትዎ 180 ከ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን የሚጨንቅዎት፣ ራስዎን የሚያስትዎት ወይም ያለ ልክ ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ፣ ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፣ ከዚህ በላይ ካሉት አማራጮች ማንኛቸውም ከምርመራ በፊት አይጀመሩም። እ.ኤ.አ. በ2003 በሊዮን ሜዳ ላይ ወድቆ የሞተው የካሜሩን ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዬ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነበር፤ በምርመራ የልቡ ጡንቻ ያለ ልክ የወፈረ ሆኖ ተገኝቷል።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ በሮችን የሚያበላሽበት የሩማቲክ የልብ ሕመም ገና ብዙ ወጣቶችን ይይዛል። ስለዚህ ዳገት ላይ ከእኩዮቹ ተለይቶ የሚያለከልክ ወይም በየ3 እና 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ ወጣት «ሰነፍ ነህ» ተብሎ ወደ ሩጫ መገፋት የለበትም፤ በልብ አልትራሳውንድ የበሮቹ ሁኔታ ታይቶ ነው የሚፈቀድለት።

የጀመረ ሰው ውጤቱን በላቡ መጠን አይለካ። ግፊትዎን ከመጀመርዎ በፊት፣ ከዚያም በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ 5 ደቂቃ ተቀምጠው፣ በዚያው ክንድ ተለክተው በደብተር ይጻፉ። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ቁጥሩ ቢወርድም ክኒኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ ደብተሩን ይዘው ሐኪሙ ዘንድ ይቅረቡና መጠኑን እሱ ይወስን።